«ባዕድ አምልኮ» የምንለው የማንን ነው?

ኢሬቻ በመጣ ቁጥር ይሄ ሰፈር (ፌስቡክን ማለቴ ነው) ሁለት ቦታ ይከፈላል። ግማሹ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ ፎቶ ይለጥፋል። ግማሹ ደግሞ «ባዕድ አምልኮ»፣ «ዛፍ አምላኪ»፣ «ውኃ ዳር ሰይጣን ሊለማመኑ ወጡ» እያለ ይጽፋል። ከዚያ ስድብ ይጀመራል። ስድቡ ሦስት ቀን ይቆይና ሌላ አጀንዳ ሲመጣ ይረሳል። በዓመቱ እንደገና ከዜሮ እንጀምራለን። በዚህ ሁሉ መሀል ግን አንድ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አይታይም፦ እነዚህ ሰዎች የሚያምኑት ምንድን ነው?

ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። በፊት ተማሪዎቼ የነበራችሁ ደግሞ «ቲቸር ዛሬም አላጠረም» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ማንነቴን ላስቀምጥ፣ ምክንያቱም ኮሜንት ላይ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ እሱ ነው። እኔ ዋቄፈታ አይደለሁም። ተጠምቄ ያደግኩ ክርስቲያን ነኝ፣ በእምነቴም ደስተኛ ነኝ። ማንንም ወደ የትም እንዲሄድ እየጋበዝኩ አይደለም። የፍልስፍና ምሁርም አይደለሁም፤ ዲፕሎማ ይዤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ የማስተምር ሰው ነኝ። ነገር ግን ሥነ ዜጋ የሚያስተምር ሰው ጎረቤቱ የሚያምነውን ሳያውቅ «መቻቻል» የሚለውን ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ። ሳያውቁ መቻቻል የሚባል ነገር የለም፤ እሱ ዝም መባባል ነው።

በቃሉ ልጀምር። «ባዕድ» ሲባል በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ከእግዚአብሔር ሌላ የሆነ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ተራው ሰው ጆሮ ውስጥ ሲገባ ግን «የውጭ፣ የእኛ ያልሆነ» ማለት ነው። ታዲያ እዚሁ መሬት ላይ፣ እዚሁ ወንዝ ዳር፣ መጽሐፍም ሰባኪም ከባሕር ማዶ ሳይመጣ የኖረ እምነት እንዴት ነው ባዕድ የሚሆነው? ክርስትናም እስልምናም ወደ አገራችን የመጡ ናቸው። መምጣታቸው አያሳንሳቸውም፣ የኛው ሆነዋል። ግን እንግዳው ገብቶ ቤተኛ ከሆነ በኋላ ባለቤቱን «ባዕድ» ሲለው ትንሽ አያሳፍርም?

አንድ ታሪክ ልጨምር። ኦነሲሞስ ነሲብ የሚባለውን ሰው ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ፣ ምፅዋ ላይ ነፃ ወጥቶ፣ በስዊድን ሚሲዮን የተማረ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉውን ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳትሟል፤ በሥራውም አስቴር ገኖ ብዙ አግዛዋለች። ይሄ ሰው «እግዚአብሔር» የሚለውን ቃል ሲተረጉም አዲስ ስም አልፈጠረም፣ ከግዕዝም አልተዋሰም። «ዋቃዮ» ብሎ ነው የጻፈው። ሕዝቡ ድሮም ሰማይና ምድርን የፈጠረ አንድ አምላክ ያውቅ ነበርና ስሙ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ዛሬ በአፋን ኦሮሞ የሚሰበክበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ፣ ያው ሰባኪ «ዋቃዮ ይባርካችሁ» ብሎ ባረከና ከመድረክ ወርዶ «ዋቃን የሚያመልኩ ጣዖት አምላኪዎች ናቸው» ይላል። እንዴ! ያን ስም ከማን ወሰድከው ታዲያ?

አሁን እንደ ክፍል ውስጥ ቁጥር እየሰጠሁ በየዓመቱ የሚደጋገሙትን ሦስት ክሶች ልያቸው።

1ኛ፦ «ዛፍና ውኃ ያመልካሉ»

ኦዳ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ፣ እውነት ነው። ጥላው ሥር ሕግ ይወጣል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ የተጣላ ይታረቃል። ኢሬቻ ላይ ውኃ ዳር ይወርዳሉ፣ እርጥብ ሣሩን ውኃ እየነከሩ ያመሰግናሉ፣ እሱም እውነት ነው። ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ከመስቀል በኋላ የሚደረገው ይሄ ነው። የክረምቱ ጨለማና ጎርፍ አለፈ፣ ወንዝ ጎደለ፣ ዘመድ ከዘመድ ተገናኘ፣ ተመስገን ነው ነገሩ። ሌላም አለ፣ ሰው የማያውቀው፤ በበልግ መግቢያ ተራራ ላይ ተወጥቶ ዝናብ የሚለመንበት ኢሬቻ። በአንዱ የተሰጠውን ያመሰግናሉ፣ በሌላው የሚመጣውን ይለምናሉ።

ታዲያ ውኃ ዳር ቆሞ መጸለይ ውኃን ማምለክ ነው ካልን፣ ጥር 10 ቀን እኛ ታቦት ይዘን ጃንሜዳ የምንወርደው ምን ልንሰራ ነው? ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለውን ጽድና ወይራ ማንም እንዳይቆርጠው የምንጠብቀው ዛፍ ስለምናመልክ ነው? ሙስሊም ወንድሞቻችን ወደ ካዕባ ዞረው ሲሰግዱ ለድንጋይ ነው የሚሰግዱት? አይደለም። እኛ ስናደርገው ምልክት ነው እንላለን፣ ሌላው ሲያደርገው አምልኮ ነው እንላለን። የዋቄፈና ሽማግሌ ብትጠይቁት መልሱ አጭር ነው፦ ዛፉን ዋቃ ፈጠረው፣ እኛ የፈጠረውን እናመሰግናለን። ቅቤ መቀባቱም እንደዚያው፤ ቅቤ የርጥበትና የልምላሜ ምልክት ነው።

ዛፉን ራሱን የሚለማመን አንድም ሰው የለም ብዬ አልከራከርም። በየሃይማኖቱ ምልክቱን ከባለቤቱ የሚያምታታ አለ። እኛም ጋ ሥዕሉን ከባለ ሥዕሉ የሚያምታታ አለ። ግን አንድን እምነት በተምታታበት ሰው አንመዝነውም።

2ኛ፦ «ብዙ አማልክት አሏቸው»

ይሄ ክስ የሚመጣው «አያና» ከሚለው ቃል ነው። እዚህ ጋ ነው ነገሩ ወደ ፍልስፍና የሚገባው፣ እኔም በጣም የምወደው ቦታ ነው።

በዋቄፈና ዋቃ አንድ ነው። ሰማይም «ዋቃ» ይባላል፣ ፈጣሪም «ዋቃ» ይባላል። ግን ሽማግሌዎቹ ሁለቱን አይቀላቅሉም። ይሄ አንድ ዋቃ ሩቅ ነው፣ አይታይም፣ አይጨበጥም። ታዲያ ሩቅ ከሆነ እንዴት ከፍጥረቱ ጋር ይገናኛል? በአያና። ሁሉም ነገር አያና አለው፤ ሰው፣ ጎሣ፣ እንስሳ፣ ቀን። አንድን ነገር ያ ነገር የሚያደርገው፣ ጠባዩን የሚሰጠው፣ ከፈጣሪ የወጣና በውስጡ ያለ ነገር ማለት ነው። ስለዚህ አያና ማለት ከዋቃ ጎን የቆመ ሌላ አምላክ ሳይሆን ዋቃ በየፍጥረቱ የሚታይበት መንገድ ነው። አንዱ ዋቃ በብዙ አያና ይገለጣል። አንድ ፀሐይ በብዙ መስኮት ትገባለች እንደማለት ነው፤ ምሳሌው የኔ ነው፣ ካልጣማችሁ ተዉት።

እስኪ አስቡት፣ ይሄ ጥያቄ «አንዱ እንዴት ብዙ ሆነ?» የሚለው የፍልስፍና ጥያቄ አይደለም እንዴ? ግሪኮች ሲጠይቁት ፍልስፍና ይባላል፣ የወለጋ ሽማግሌ ሲጠይቀው ለምን ተረት ይባላል?

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ቀንም አያና አለው መባሉ ነው። በቦረና የዘመን አቆጣጠር 27 የቀን ስሞች አሉ፤ እያንዳንዱም አያና ነው። ወሩ እንደ ጨረቃዋ 29 ወይም 30 ቀን ስለሚሆን፣ 27ቱ ስሞች አልቀው ከመጀመሪያው እየተደገሙ ከወር ወር ይሸጋገራሉ። ዓመቱ 12 ወር፣ 354 ቀን ነው። ይሄን ያለ ወረቀት፣ ጨረቃዋን ከከዋክብት ጋር እያስተያዩ በቃል የሚይዙ «አያንቱ» የሚባሉ አዋቂዎች አሉ። ለነሱ ጊዜ ባዶ ሣጥን አይደለም። እያንዳንዱ ቀን ጠባይ አለው፣ የሚገባው ሥራ አለው። እኛ ቀኑን በሰዓት ቆራርጠን «ጊዜ የለኝም» እያልን የምንሮጥ ሰዎች፣ ቀን የራሱ ክብር አለው ከሚል ሰው ትንሽ ብንማር ምን ነበር?

ሌላም ልጨምር። ኦሮሞ ሲጸልይ «ዋቃ ጉራቻ» ይላል፣ ጥቁሩ ዋቃ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል፤ እኛ ጥቁርን ለሰይጣን ስለሰጠነው። እዚያ ግን ጥቁር ማለት የማይደረስበት ጥልቅ፣ ያልተበረዘ፣ ምሥጢር የሆነ ነው። ጥልቅ ውኃ ጥቁር ነው። ዝናብ የያዘ ደመና ጥቁር ነው። ለአርብቶ አደር ጥቁር ሰማይ መርዶ ሳይሆን የምሥራች ነው። በቆዳችን ጥቁር የሆንን ሕዝቦች፣ ፈጣሪን በጥቁር ቀለም አክብሮ የሚጠራ ቋንቋ አጠገባችን ሳለ ሳናውቀው መኖራችን ያሳዝነኛል።

3ኛ፦ «የጠንቋይና የቃልቻ ሃይማኖት ነው»

እዚህ ጋ ሁለት ቃላት ተምታተዋል። «ቃሉ» (በአማርኛ ቃል ከምንለው ጋር አታምታቱት) የሃይማኖቱ አባት ነው። ይመርቃል፣ ያስታርቃል፣ የሃይማኖቱን ሥርዓት ይጠብቃል። «ቃልቻ» ግን በኛ አማርኛ መንፈስ ጎታች፣ ገንዘብና ዶሮ የሚያስመጣ ሰው ማለት ሆኗል። ሁለቱን አንድ አድርጎ መስደብ ጳጳስንና ደብተራ ነኝ ብሎ ክታብ የሚሸጥን ሰው አንድ እንደማድረግ ነው።

የሥነ ዜጋ መምህር ስለሆንኩ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። አስመሮም ለገሠ ስለ ገዳ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ እንደጻፉት፣ በቦረና ቃሉው የገዳ መሪዎች ሲመረጡ ይቆጣጠራል፣ እሱ ራሱ ግን የፖለቲካ ሥልጣን አይዝም፣ የጦር መሣሪያም አይታጠቅም። የገዳ መሪው ደግሞ በስምንት ዓመቱ ይወርዳል። የሚባርከውና የሚገዛው ተለያይተዋል ማለት ነው። እኛ «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው» የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11 ክፍል ውስጥ ስናስተምር ከፈረንሳይ ምሳሌ እናመጣለን። ከቦረና ማምጣት አይቻልም ነበር?

እሺ፣ ክሶቹን ጨረስኩ። አሁን ወደ ዋናው ነገር።

አንድ ቀን ስለ ገዳ ተምረን ከጨረስን በኋላ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሁሉም እስኪወጡ ጠብቃ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለችኝ። ቤተሰቧ በቅርብ ዓመታት ሃይማኖት ቀይሯል። ያሳደገቻት አያቷ ግን እስከ መጨረሻዋ በድሮው እምነቷ ቆይታ ነው የሞተችው። «አምልኮ ቦታ ላይ እንደ እሷ ያሉት ሲኦል ናቸው ሲሉ እሰማለሁ። አያቴ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ለጎረቤት ነበር የምትጸልየው። አሁን የት ነው ያለችው?» አለችኝ።

እኔ የሰው ነፍስ የት እንዳለች የምናገር ሰው አይደለሁም፣ ያንንም ነገርኳት። ግን የአያቷ እምነት ራሱ ምን እንደሚል ልነግራት እችል ነበርና ነገርኳት። በኦሮሞ ሽማግሌዎች አነጋገር የሞተ ሰው «ኢዶ ዱጋ» ሄደ ይባላል፤ የእውነት ቦታ ማለት ነው። ሐሰት የሌለበት፣ ማንም ማንንም የማያታልልበት ቦታ። ኃጢአት፣ እነሱ «ጩቡ» የሚሉት፣ ዋጋውን በአብዛኛው እዚሁ ምድር ላይ ያስከፍላል፤ በራስህ ላይ፣ በልጆችህ ላይ፣ በከብትህ፣ በመሬትህ ላይ። «አያትሽ እንዳመነችው ከሆነ የእውነት ቦታ ናት» አልኳት። ልጅቷ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም» አለችኝ።

ለዚህ ነው የምጽፈው። ነገሩ የፌስቡክ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ አልደክምም ነበር። በየቤቱ ግን የገዛ አያቱን እንዲያፍርባት የሚማር ልጅ አለ። አያቱን ያፈረ ልጅ ደግሞ ቀጥሎ ቋንቋዋን ያፍራል፣ ምርቃቷን ያፍራል፣ መጨረሻ ላይ ራሱን ያፍራል። ሃይማኖት መቀየር የማንም መብት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 ያስቀምጠዋል። ግን አዲስ ቤት ለመግባት የድሮውን ቤት ማቃጠል የግድ ነው ያለው ማነው?

አሁን «ሰፉ» ስለሚባለው ነገር ልናገር። ከዋቄፈና አንድ ቃል ብቻ ያዙ ብባል ይሄን ነው የምይዘው።

ሰፉን በአማርኛ በአንድ ቃል መተርጎም ይከብዳል። «ነውር» የሚለው ይቀርበዋል፣ ግን ነውር ሰው ያየዋል ብሎ መፍራት ነው፤ ሰፉ ማንም ባያይም ያለ ነው። «ክብር» የሚለውም ይቀርበዋል፣ ግን ክብር ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ሰፉ ወደ ታችም ወደ ጎንም ይሄዳል። ላምበርት ባርቴልስ የሚባሉ የሆላንድ ካቶሊክ ሚሲዮናዊ ወለጋ ውስጥ ብዙ ዓመት ኖረው እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ኦሮሞ ሃይማኖት መጽሐፍ አሳትመዋል። ሊያስተምሩ መጥተው ቁጭ ብለው የተማሩ ሰው ናቸው። እሳቸውም ሰፉን ሲያስረዱ በፍጥረታት መካከል ያለ ርቀትና መከባበር አድርገው ነው። እኔ እንደገባኝ፣ ዋቃ ሲፈጥር እያንዳንዱን ነገር በቦታው አስቀመጠ፤ በአንዱና በሌላው መካከልም ሊጠበቅ የሚገባ ርቀት አለ። በአባትና በልጅ መካከል ሰፉ አለ። በአማትና በምራት መካከል ሰፉ አለ። በሰውና በላም፣ በሰውና በዛፍ፣ በሰውና በውኃ መካከልም ሰፉ አለ።

ስለዚህ ላም ስታልብ ለጥጃው ሳትተው ብታልባት ሰፉ ነው። ያለ ምክንያት ዛፍ ብትቆርጥ ሰፉ ነው። የተጠማ አውሬ ከውኃ ብታባርር ሰፉ ነው። ይሄን የጻፈ ሕግ የለም፣ የሚቀጣም ፖሊስ የለም። ሚዛኑ ከተናጋ ግን «ናጋ» የለም። ናጋ ማለት ሰላም ነው፣ ግን ጦርነት አለመኖር ብቻ አይደለም። ዝናቡ በጊዜው፣ ከብቱ በጤናው፣ ጎረቤቱ በፍቅሩ ሲሆን ያ ሁሉ አንድ ላይ ናጋ ይባላል። ኦሮሞ ሰላምታ ሲለዋወጥ ስለ ሰው፣ ስለ ከብት፣ ስለ አገሩ እየደጋገመ ናጋ ናጋ የሚለው ወግ ስለሚያበዛ አይደለም፤ ሚዛኑ በየት በኩል እንደተዛባ እያጣራ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፍልስፍና መምህር ወርቅነህ ቀልቤሳ ስለ ኦሮሞ የአካባቢ ሥነ ምግባር ብዙ ጽፈዋል። ዓለም ዛሬ ስለ አየር ንብረት በየዓመቱ ትልቅ ስብሰባ ይቀመጣል። የስብሰባው ዋና ጥያቄ «ሰው በተፈጥሮ ላይ ገደቡ የት ነው?» የሚል ነው። ያንን ገደብ በአንድ ቃል የሰየመ ሕዝብ እዚህ አለ። እኛ ግን ሐረማያ ሐይቅ በዓይናችን ፊት ሲደርቅ አየን፣ አቃቂ ወንዝ በቆሻሻ ሲጠቁር አየን፤ ያኛው ጥቁር ደግሞ የዝናቡ ጥቁር አይደለም።

ሰፉ ለፌስቡክም ይሆናል። አደጋ የደረሰበት ሰው ሳይነሳ በስልክ መቅረጽ ሰፉ ነው። የሞተን ሰው ፎቶ ለላይክ መለጠፍ ሰፉ ነው። ሕግ ይከለክላል አይከለክልም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ልጆቻችን «መብቴ ነው» የሚለውን ጥሩ አድርገው ተምረዋል፣ እኔም አስተምሬያቸዋለሁ። «መብቴ ነው፣ ግን አላደርገውም» የሚያሰኘውን ነገር ግን ከየት ያምጡት?

እዚህ ጋ አንድ ተገቢ ጥያቄ አለ፤ ክፍል ውስጥ ጎበዝ ተማሪዎች ይጠይቁኛል፦ «ሰፉ ነው እየተባለ ደካማው ዝም እንዲል አይደረግም ወይ?» ይደረጋል፣ የትም አገር ወግ የሚባል ነገር በጉልበተኛ እጅ ሲገባ እንዲህ ይሆናል። ግን ሰፉ ራሱ ጉልበተኛውን የሚይዝበት መንገድ አለው። ያገባች ሴት «ሲንቄ» የምትባል በትር አለቻት። ባሏ ደብድቧት ከሆነ ሲንቄዋን ይዛ እልል ብላ ስትወጣ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። አጥፊው ካሣ ከፍሎ እስኪታረቅ አይመለሱም። ሁለት ወገን ሲዋጋ ሴቶች ሲንቄ ይዘው መሀል ከገቡ ያንን አልፎ መማታት ከባድ ሰፉ ነው። በትሯ ቀጭን ናት፣ ማንንም አትጎዳም፤ ኃይሏ ሰውየው ውስጥ ባለው ሰፉ ላይ ነው። ሰውየው ሰፉ ከሌለው በትሯ እንጨት ናት። ዛሬ በየቦታው ሽማግሌ እየተገደለ፣ አስታራቂ እየታገተ ባለበት ዘመን ይሄን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ።

እስካሁን የተናገርኩት ለሚሰድቡት ነው። አሁን ለሚያደንቁት ልመለስ፣ ምክንያቱም ጥፋቱ በሁለቱም በኩል ነው።

ዋቄፈናን ጠላቱ «ጣዖት ነው» ይለዋል። ወዳጁ ደግሞ «ኧረ ሃይማኖት አይደለም፣ ባህል ብቻ ነው» ይለዋል። የሁለተኛው ሐሳብ ቅን ነው፣ ሁሉም ተሰብስቦ እንዲያከብር ነው፣ ይገባኛል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ኢሬቻ ላይ ወጥቶ ቢያመሰግን እሰየው። ግን «ባህል ብቻ» ስንል ዋቃን ከልቡ የሚያመልከውን፣ «ገልማ» የሚባለው ጸሎት ቤቱ ሄዶ የሚጸልየውን ሰው ከገዛ ቤቱ እያስወጣነው ነው። በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ የባህላዊ እምነት ተከታይ ተብሎ የተመዘገበው ሰው ከአገሪቱ ሕዝብ 3 በመቶ አይሞላም፤ እሱም የኦሮሞው ብቻ ሳይሆን የሁሉም ተደምሮ ነው። ጥቂት ናቸው። ጥቂት ሲሆኑ ነው መብት የሚፈተነው። ልብሳቸውን ለብሰን፣ ሣራቸውን ይዘን፣ ፎቶ ተነስተን፣ «እናንተ ግን ሃይማኖት የላችሁም» ብለናቸው እንሄዳለን።

ፖለቲከኛውም እንደዚሁ። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የሆነውን ማናችንም አንረሳም። ለምስጋና የወጣ ሰው አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶበት፣ ተረጋግጦ፣ ገደል ገብቶ ከ50 በላይ ሰው መሞቱን መንግሥት ራሱ አምኗል፤ ከዚያ በላይ ነው የሚሉም አሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ዩኔስኮ ገዳን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሬሳና የምስክር ወረቀት። በ2012 መስከረም ኢሬቻ አዲስ አበባ ላይ ተከበረ፣ ብዙ ሰው በደስታ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ግን መድረኩ እየሰፋ፣ ድምፅ ማጉያው እየበዛ፣ የሽማግሌው ምርቃት እያጠረ፣ የባለሥልጣኑ ንግግር እየረዘመ መጣ። ፖለቲካ የሌለበት በዓል የለም፣ አውቃለሁ። ግን ምስጋና የሚሰማው ትንሽ ጸጥታ ሲኖር ነው።

በዓሉን ለምታከብሩም አንድ ነገር ልበል፣ በፍቅር ነው። ውኃውን አመስግናችሁ ስትመለሱ የሃይላንድ ፕላስቲካችሁን ዳር ላይ አትተዉት። ሰፉ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መምህራን፦ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «አገር በቀል ዕውቀት» የሚል ነገር ደጋግሞ ያነሳል። ጥሩ ነው። ግን አገር በቀል ዕውቀት ማለት የገብስና የቅጠላ ቅጠል ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ሐሳብም አገር በቀል አለው። ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና እያስተማሩ የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ተረቶች ሰብስበው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሦስት ቅጽ አሳትመዋል። ፈረንጅ ፍልስፍና ነው ብሎ የሰበሰበውን እኛ ተረት ነው ብለን አንጣለው። ተማሪዎቻችሁን «ሄዳችሁ አያታችሁን ሰፉ ምንድን ነው በሏት» ብላችሁ የቤት ሥራ ስጡ። የትኛውም ብሔር ቢሆኑ የራሳቸው ቃል ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ሰጥቼ አይቼዋለሁ፣ ከመጽሐፉ ይልቅ ክፍሉ ያን ቀን ይነቃል።

ሰባኪዎች፦ የራሳችሁን አስተምሩ፣ ማንም አይከለክላችሁም። የማታምኑበትንም አናምንበትም በሉ፣ መብታችሁ ነው። ግን የሰውን እምነት ስትነቅፉ ቢያንስ ባለቤቱ «አዎ፣ እኔ የማምነው ይሄንን ነው» በሚልበት መንገድ አስረድታችሁ ንቀፉ። ያላለውን አስብላችሁ መምታት ማሸነፍ አይደለም።

ወላጆች፦ ሃይማኖት ቀይራችሁ ከሆነ እሰየው፣ ልባችሁ ያለው ቦታ ኑሩ። ግን ለልጆቻችሁ «አያትህ በዋቃ ታምን ነበር፣ ጎረቤቷን ትመርቅ ነበር፣ ዛፍ አትቆርጥም ነበር» ብላችሁ ንገሯቸው። ከዚህ የሚቀንስባችሁ ጽድቅ የለም።

እኔ የጨረስኩት እዚህ ላይ ነው። የተሳሳትኩት ነገር ካለ፣ በተለይ ዋቄፈታ የሆናችሁ ወዳጆቼ፣ ኮሜንት ላይ አርሙኝ፣ በደስታ እማራለሁ። በሌላ አካባቢ ያላችሁም (አርሲ፣ ጉጂ፣ ሐረርጌ፣ ኢሉባቦር) የእናንተ ጋ እንዴት እንደሚባል ጻፉልን፤ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አውቃለሁ። መከራከር ይቻላል፣ የሰውን እናትና ብሔር መስደብ ግን አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ኮሜንት ካየሁ አጠፋለሁ።

ናጋ ለሁላችንም፤ ለሰዉም፣ ለከብቱም፣ ለአገሩም።